የማዕዘኗ ክፍል

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ጠበቃ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የተጠጋ፣ ጠጉሩ በጆሮ ግንዱ በኩል መሸበት የጀመረ፣ ለሥራው የታመነ ሰው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ስትሰሙ «እኔ እንኳን እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» እንዳትሉ ብዬ ነው። እንደ እናንተ ያለ ሰው ነበረ። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ የተቸገረ ዘመድ ይረዳል። ስሙን አሰግድ እንበለው።

አሰግድ ለብዙ ዓመታት የሠራው ከአንድ የጽሕፈት ዕቃ መደብር ጀርባ በጣውላ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። መስኮት የላትም። አንዱ ባለጉዳይ ገብቶ ሲያማክረው ሌላው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከጣውላው ወዲያ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣው ሁሉ የሰውን ምስጢር ይሰማል። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ውርሷ ልትነግረው ጀምራ፣ ከወዲያ በኩል ሰዎች ዝም ብለው እየሰሟት መሆኑ ገባት። ንግግሯን አቋርጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ሄደች። አልተመለሰችም። ያን ዕለት አሰግድ «በቃ፣ ደህና ቢሮ መከራየት አለብኝ» አለ።

ይህ ምኞት ኃጢአት ነበረ? አልነበረም። ሰው ሥራውን በክብር ልሥራ ቢል ምን ኃጢአት አለበት?

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አገኘ። ግድግዳው የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ፣ ደረጃው እንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሰገነቱ በብረት ጌጥ የታጠረ። በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ባለቤቱ አቶ ቀለመወርቅ የሚባሉ፣ ሕንፃውን ያሠሩት ነጋዴ የልጅ ልጅ ናቸው። ፎቁን ሊያሳዩት የቁልፍ ዘለላቸውን እያንሿሹ ወደ ላይ ወጡ።

«ደረጃው ሲረገጥ ያቃስታል፤ አትፍራው» አሉት። «አያቴ አዲስ ሆኖም ያቃስት ነበር ይሉን ነበር።»

ሦስት ክፍሎች አሳዩት። መጨረሻ ላይ የማዕዘኗን ክፍል ከፈቱለት። በሁለት በኩል መስኮት አላት፤ አንዱ ወደ ዋናው መንገድ፣ ሌላው በጎን ወዳለው ቁልቁለት ያያል። የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አሰግድ መሀል ላይ ቆመ። ጠረጴዛውን የሚያኖርበትን ቦታ፣ የሕግ መጻሕፍቱን የሚደረድርበትን ግድግዳ በዓይኑ ለካ። ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ ሲሠራ ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ይገባችኋል።

«ከዚህ በፊት ምን ነበረ?» ብሎ ጠየቀ።

«መጨረሻ ላይ አንድ የጨርቅ ነጋዴ መጋዘን አድርጎት ነበር። ከዚያ በፊት ቀበሌ ነበረ። በአዋጅ ተወርሶብን፣ ከስንት ክርክር በኋላ ነው የተመለሰልን» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። ከዚያም ወዲያው «ና፣ መታጠቢያ ቤቱን ላሳይህ። ውኃው አይቋረጥም» ብለው ቀደሙት።

ቀበሌ ነበረ።

አሰግድ ቃሏን ሰማት። ሰማትና አሳለፋት። በዚያ ዘመን ልጅ ነበረ። እናቱ ትምህርት ቤት ስታደርሰው፣ ከአንድ የቀበሌ በር አጠገብ ሲደርሱ እጁን ጭብጥ አድርጋ ወደ ማዶ ታሻግረው ነበር። ለምን እንደሆነ ነግራው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። አሁንም አልጠየቀም። መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ ውኃውን ከፍቶ ዘጋ፣ ውሉን ፈረመ።

ወገኖቼ፣ ሰው የማያውቀው ስላልነገሩት ብቻ ነው? አንዳንዴ የማናውቀው ልናውቅ ስላልፈለግን አይደለምን?

ሐምሌ ላይ ገባ። ግድግዳውን በነጭ ቀለም አስቀባ። ወለሉን አሳጥቦ ሰም አስቀባ። ካህን ጠርቶ ጸሎት አስደረገ፤ ጠበል በሦስቱም ክፍሎች ተረጨ። ወዳጆቹ መጡ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት፣ በሰገነቱ ላይ ቆመው ከተማውን አዩ። ባለጉዳይ በዛለት። በዚያች ክፍል ውስጥ ሲናገር ድምፁ እንኳ የከበደ መሰለው። ስሙም መታወቅ ጀመረ፤ አንድ ትልቅ አስመጪ ድርጅት የሕግ አማካሪ ሊያደርገው ፈለገ። ኃላፊዎቹ ሊያነጋግሩት የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ሆነ።

በዚያ ጠዋት አንዲት እናት ደረጃውን ወጡ።

ያረጁ ናቸው። ነጠላቸው ጥለቱ ጥቁር ነው። አንድ ደረጃ ወጥተው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። የአሰግድ ጸሐፊ ሐመልማል ወንበር ሰጥታ ብታስቀምጣቸው እንቢ ብለው፣ የማዕዘኗን ክፍል በር እያዩ ቆሙ። አሰግድ ወጣ።

«ምን ልርዳዎት እማማ? ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«ጉዳይስ የለኝም ልጄ። እዚያች ክፍል ትንሽ ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«የት? ቢሮዬ ውስጥ?»

«አዎ። ወንበር አልፈልግም። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ወዲያው እወጣለሁ።»

አሰግድ ሰዓቱን አየ። እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። አእምሯቸው ተነክቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወይም ይህ የመለመኛ ዘዴ ይሆናል አለ በልቡ። እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ብር አወጣ። እሳቸው ብሩን አዩት፤ ከዚያ ፊቱን አዩት። እጃቸውን አልዘረጉም።

«እማማ፣ ዛሬ አይመችም። ትልቅ እንግዶች አሉብኝ። ሌላ ቀን ይምጡ።»

«ሌላ ቀን አይሆንም ልጄ። ዛሬ ነው።»

«ነገ ይምጡ። ነገ ጠዋት።»

«ነገ ቀኑ አይደለም» አሉት።

አሰግድ ተናደደ። ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም፤ ክፉ ሰው አልነበረም አላልኳችሁም? ዘበኛውን ጋሽ ኡርጌን ጠራና «እማማን በክብር ሸኝልኝ» አለው። በክብር! ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰውን በክብር ማባረር እንችላለን ወገኖቼ። በለሰለሰ ድምፅ በር መዝጋት እንችላለን።

እናትየዋ አልተከራከሩም። የእንጨቱን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። እንግዶቹ መጡ፣ ክፍሉን አደነቁ፣ ተስማምተው ሄዱ። አሰግድ በደስታ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ጋሽ ኡርጌ በሩ ላይ አስቆመው።

«ጌታዬ፣ እኚያ አሮጊት…»

«ምን ሆኑ?»

«ሲወጡ የሕንፃውን መቃን ተሳልመው ሄዱ። እንደ ቤተ ክርስቲያን። ግንባራቸውን አስነክተው ቆሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ሄዱ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

አሰግድ ምሳውን አልበላውም። ሰው የቢሮ ሕንፃ መቃን ለምን ይሳለማል? ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለና ወደ አቶ ቀለመወርቅ ቤት ሄደ።

ነገሩን ሲሰሙ አቶ ቀለመወርቅ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «ትመጣ ነበር አሉ» አሉ። «የጨርቁ ነጋዴ ያስገባት ነበር።»

«ለምንድን ነው የሚመጡት?»

«በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው ፎቁ ላይ ሰው ያስር ነበር። ወጣቶች። አብዛኞቹ አልተመለሱም። እኛም ያኔ የተወረስን ሰዎች ነን አሰግድ፤ በደጁ ማለፍ እንኳ እንፈራ ነበር።»

«ታዲያ ስንዋዋል ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሃለሁ። ቀበሌ ነበረ ብዬሃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቀበሌ ነበረ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በአንተ ዕድሜ ያለ የዚህ ከተማ ሰው ሊጠፋው ነው?»

አሰግድ ተሰናብቶ ወጣ።  

በማግሥቱ ቢሮው ገብቶ ሊሠራ ሞከረ። ፀሐዩ እንደ ወትሮው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አሁን ግን ያ ብርሃን የወደቀበት ወለል ላይ ማን ተኝቶ እንደነበር ያስባል። ያስቀባውን ነጭ ግድግዳ ያያል፤ ማን ተደግፎት ነበር ይላል። ባለጉዳይ እያናገረው ሐሳቡ ይሰረቃል። አንድ ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ ቆረጠ፤ ውሉን አፍርሶ ሊለቅ ወሰነ። አቶ ቀለመወርቅም አልከፋቸውም፤ ፎቁን ሊከራይ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ነበረ።

ከመሄዱ በፊት ግን ያቺን እናት ይቅርታ ሊጠይቅ ፈለገ። ምድር ቤት ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ሰፈራቸውን ያውቁ ነበርና ጠቆሙት። እማማ ዘርፈሽዋል ይባላሉ፣ ከቁልቁለቱ በታች ነው ቤታቸው አሉት።

አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እማማ ዘርፈሽዋል በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። አወቁት።

«የቢሮው ጌታ! ግባ ልጄ» አሉት። ቂም በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ለእሱ ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደው።

ገባ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ልትስቅ ስትል ፎቶ አንሺው የቀደማት የምትመስል ልጅ ናት።

«ሶስና ናት» አሉት። «የመጨረሻ ልጄ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ወረቀት በትነሻል ብለው ከቤት ወሰዷት። እዚያ እናንተ ፎቅ።»

አሰግድ ቆሞ ቀረ። ተቀመጥ ሲሉት በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ስንቅ እወስድላት ነበር። መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ እሰጣለሁ፣ ባዶ ሳህን ይመልሱልኛል። ከዚያ በጎን በኩል ቁልቁለቱ ላይ እቆማለሁ። መስኮቱ በጣውላ ተመቶ ነበር፤ ፊቷ አይታየኝም። በቀዳዳው እጇን ታወጣልኛለች። እጇን ብቻ። የልጅን እጅ እናት መች ታጣዋለች? በልታለች ማለት ነው፣ አለች ማለት ነው ብዬ እመለሳለሁ።»

ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። ጣታቸው አላቆመም።

«ከዚያ የሚካኤል ማግሥት ስንቁን ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ልጅ ሳህኑን እንደ ሞላ መለሰልኝ። ከእንግዲህ አታምጪ አለኝ። በቃ፣ መርዶዬ ይኸው ነው። ሬሳ አልሰጡኝም። የት እንደ ጣሏት አልነገሩኝም። ማልቀስ ክልክል ነበር ልጄ፤ ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። ጎረቤት ሊያጽናናኝ ፈራ። አባቷ በሩን ዘግቶ፣ አፉን በትራስ አፍኖ አለቀሰ። እሱም ብዙ አልቆየም።»

አሰግድ እንባው መጣ። 

«የሞተችበትን ቀን አላውቀውም» አሉ እማማ ዘርፈሽዋል። «ስንቁን የመለሱልኝን ቀን ሙት ዓመቷ አልኩት። ሰው ለልጁ መቃብር አለው፤ አበባ ያኖራል፣ ጧፍ ያበራል። እኔ ያለችኝ ያቺ ክፍል ናት።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ አሰግድ በመጨረሻ። «አላወቅሁም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ዛሬውኑ ይምጡ። አሁን ልውሰድዎት። ክፍሉ ክፍት ነው።»

እማማ ዘርፈሽዋል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀኑ አለፈ ልጄ። እንግዲህ ለከርሞ ነው። ብኖር።»

ብኖር! ወገኖቼ፣ ይህቺን ቃል ሰማችኋት? ከሳምንት በፊት አሰግድ ሊሰጣቸው የሚችለው ነገር በእጁ ነበረ። አንድ ክፍል፣ ለጥቂት ጊዜ። ምንም አይጎድልበትም ነበር። አሁን ሊሰጥ ፈለገ፤ አሁን ግን ቀኑ በእጁ የለም። «ሌላ ቀን ይምጡ» ብለን የመለስነውን ሰው ሌላ ቀን እንደምናገኘው ማን ቃል ገባልን?

አሰግድ ሊሰናበት ሲነሣ፣ «እኔ እንኳን ቢሮውን ልለቅ ነው» አላቸው። «እዚያ ክፍል ውስጥ መሥራት አልቻልኩም። ከበደኝ።»

ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ።

«ለምን ትሄዳለህ?»

«ያ ሁሉ ግፍ የተሠራበት ቦታ እኮ ነው እማማ። እንዴት እዚያ ተቀምጬ እንጀራዬን ልብላ?»

«ለአንተ ከበደህ። ለእኔስ ቀሎኝ ነው?» አሉት። «አንተ ስትሄድ ሌላ ሰው ይገባል። የሚገባው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንተ እንኳን ቤቴ ድረስ መጥተሃል። ብትሸሽ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የምፈልገው የሚከፍትልኝ ሰው ነው። ተቀመጥና ክፈትልኝ።»

አሰግድ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ሲወጣ ይህች ቃል አብራው ወጣች። ተቀመጥና ክፈትልኝ። በመልቀቁ ለእማማ ዘርፈሽዋል ሐዘን ያዘነ መስሎት ነበር። ለካ ለራሱ ዕረፍት ነበር የሚሸሸው። ስንቶቻችን ነን የሰውን መከራ ማየት አቅቶን የምንሸሸውን ሽሽት ርኅራኄ ብለን የምንጠራው?

ውሉን አላፈረሰም። ተቀመጠ።

ያቺ ዓመት ለእሱ ረጅም ነበረች። በየጊዜው ወደ ቁልቁለቱ ሰፈር እየወረደ እማማ ዘርፈሽዋልን ይጠይቃል። ክረምቱ ላይ ሳል ያዛቸውና ተኙ። አሰግድ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ጸለየ። ስለ ብዙ ነገር ጸልዮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው። እንዲህ ግን ጸልዮ አያውቅም። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ኅዳር አቆይልኝ። የዘጋሁትን በር ሳልከፍት አትውሰዳቸው» አለ። እግዚአብሔር ቸር ነው። መስከረም ላይ ተነሥተው በር ላይ ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ።

አሰግድ ሌሎችም እንዳሉ ጠይቆ ደረሰበት። በዚያ ፎቅ ወንድሙ የጠፋበት አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ታላቅ እህታቸውን ያጡ ሁለት እህትማማቾች። ለሁሉም ኅዳር ላይ ለለቅሶ እንዲመጡ መልእክት ላከ። ይህን አቶ ቀለመወርቅ ሰሙ። ቢሮው ድረስ መጡ፤ ተቆጥተው ነበር።

«ሕንፃዬን ልቅሶ ቤት ልታደርገው ነው አሉ!»

«አንድ ቀን ነው ጋሼ። በዓመት አንድ ቀን።»

«ተከራይ ሲሰማ ይሸሻል። የአያቴ ቤት ስሙ በደም ሊነሣ? እኛ ምን አደረግን? እኛ ገዳይ ነን?»

«አይደላችሁም» አለ አሰግድ። «ግን እርስዎ ሕንፃው ተመለሰልዎት። ለእማማ ዘርፈሽዋል ምን ተመለሰላቸው?»

አቶ ቀለመወርቅ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ኪራይህን እስከከፈልክ ድረስ ክፍሉ የአንተ ነው፤ ልከለክልህ አልችልም» አሉ። «ውልህ ሲያልቅ ግን አላድስልህም። ይህን ዕወቅ።»

አሰግድ አወቀው። ጠበቃ ነው፤ ምን እንደሚያጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ቢሮ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ደረሰ። አሰግድ በጠዋት መጥቶ ከጋሽ ኡርጌ ጋር ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ከማዕዘኗ ክፍል አወጡ። ምንጣፍ አነጠፉ። ቀጠሮ ያላቸውን ባለጉዳዮች ሁሉ ሐመልማል ወደ ሌላ ቀን አዛውራለች። እማማ ዘርፈሽዋልን አሰግድ ራሱ ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው። መምህሩ መጡ። እህትማማቾቹ መጡ። ባዶዋ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ማንም አላለቀሰም።  ለብዙ ዓመታት ለቅሶ የተከለከለ ሰው፣ ሲፈቀድለት ወዲያው አይወጣለትም። ከዚያ እማማ ዘርፈሽዋል ተነሡ። በጎን ወዳለው መስኮት ሄደው የመስኮቱን ብረት ያዙ።

«ሶስናዬ!» አሉ።

በዚያ ዘመን ጮክ ብለው ያልጠሩትን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። «ልጄ! እዚህ ነበርሽ እኮ! እዚህ ነበርሽ!» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ደረታቸውን መቱ። እንደ ደንቡ፣ እንደ ወጉ፣ ለልጅ እንደሚለቀሰው አለቀሱ። ከኋላቸው መምህሩ የወንድማቸውን ስም ጠሩ። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ተነሡ። ያ ሕንፃ ያን ያህል ዘመን አምቆ የያዘው ለቅሶ በጠራራ ፀሐይ ወደ መንገዱ ወጣ። ከታች የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው አዩ። አንዳንዶቹ ነገሩን ጠይቀው ሲነገራቸው ቆመው ቀሩ።

አሰግድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መግባት አልደፈረም።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉት እማማ ዘርፈሽዋል በለቅሶ መሀል። «ለቅሶ ላይ ሰው ደጅ ይቆማል?»

ገባ። መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠበቃ አሰግድ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ድምፁ ከብዶ ሲናገር የነበረው ሰው፣ ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ። ለሶስና ብቻ አልነበረም። እጁን ይዛ ወደ ማዶ ታሻግረው ለነበረችው ለእናቱም አለቀሰ፤ ያ ሁሉ ፍርሃቷ ዛሬ ነው የገባው።

አቶ ቀለመወርቅም መጥተው ነበር። ደረጃው አናት ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። አልገቡም። ለቅሶው እስኪበርድ ቆዩና ወረዱ።

ሲያበቁ ሐመልማል ውኃ አመጣች፤ ፊታቸውን ታጠቡ። አሰግድ እማማ ዘርፈሽዋልን ደግፎ ወደ ታች አወረዳቸው። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ፊቱን ዳሰሱት።

«ተባረክ» አሉት። «ዛሬ ልጄን ቀበርኩ።»

ምእመናን፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ይህችን ቃል እናስባት። ዛሬ ልጄን ቀበርኩ። ሶስና የሞተችው መች ነበር? እናቷ የቀበረቻት ግን ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ሐዘኑ እንደ ሬሳ በትከሻዋ ላይ ነበር፤ ወርዶ የሚያርፍበት መሬት አላገኘም ነበር። መሬቱ ምን ነበረ? አንድ ተከራይ ለአንድ ቀን የከፈታት ክፍል።

አሰግድ ምን አተረፈ ትሉኝ ይሆናል። ውሉ ሲያልቅ አቶ ቀለመወርቅ እንዳሉት አላደሱለትም። ዛሬ ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ተራ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እማማ ዘርፈሽዋል በሁለተኛው ዓመት በሰላም ዐረፉ፤ ዕድርተኛው ወጥቶ፣ ካህናት ፈትተው፣ ወገን አልቅሶ በክብር ተቀበሩ። ከሣጥኑ ፊት ሆነው ከተሸከሙት አንዱ አሰግድ ነበር። «ቢሮው አያስቆጭህም?» ብለው የሚጠይቁት ወዳጆች አሉ። «ያስቆጨኛል» ይላል። «መልካም ቢሮ ነበር።» ይህን አልደብቃችሁም፤ በጎ ሥራ ሁሉ ሳይጎዳን አያልፍም። ጌታችን ራሱ በወዳጁ መቃብር ፊት ቆሞ ሲያለቅስ፣ ወደዚያ መንደር መሄዱ ምን እንደሚያስከፍለው እያወቀ ነበር የሄደው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተስ የት ነው የተቀመጣችሁት? ዛሬ የምትሠሩበት ወንበር፣ የምትኖሩበት ግቢ፣ የምታርሱት መሬት ከእናንተ በፊት ማን ነበረበት? ጠይቃችኋል? ወይስ ውኃው አይቋረጥም ሲሏችሁ ፈርማችሁ ገባችሁ? በዚህ ዓለም ላይ ሁላችንም ተከራዮች ነን ወገኖቼ። ቤቱ የእኛ አይደለም። ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ ከእኛ በፊት ያለቀሱትንም እሱ በስም ያውቃቸዋል። እኛ ቀለም ስለቀባንበት እሱ የሚረሳ ይመስላችኋል?

ደግሞም በደጃችሁ የቆመ ሰው አለ። ምናልባት ጉዳዩን አስተካክሎ መናገር አይችልም። ምናልባት የሚመጣው ሥራ በሚበዛባችሁ ሰዓት ነው። ምናልባት ያው ያንኑ ታሪክ ደጋግማ የምታወራ እናታችሁ ናት፤ «ሰምቼዋለሁ እኮ» ብላችሁ ስልካችሁን የምታዩባት። ምናልባት ባለፈው የተጣላችሁት ወንድም ነው፤ እያወቃችሁ ሰላምታ የነፈጋችሁት። ምናልባት በመጨረሻው ግጭት ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤት ነው፤ ስለ ሐዘኑ ላለመስማት መንገድ የምትቀይሩበት። እሱ ከእናንተ ገንዘብ አይፈልግም፤ ፍርድም አይፈልግም። ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ ነው የሚፈልገው። ይህን ያህል ቦታ በልባችሁ የለም?

«ጊዜ የለኝም» አትበሉ። አሰግድም ጊዜ አልነበረውም። «እኔ አላደረግሁትም» አትበሉ። አሰግድም አላደረገውም። ያላደረገውን ነገር ግን በሩን በመዝጋት ሊጨርሰው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ገና መንገድ ላይ ሳላችሁ አንድ ሰው አስቡ። ስሙን እናንተ ታውቁታላችሁ። ደውሉለት፤ ወይም ሂዱና በሩን አንኳኩ። ሄዳችሁም ምክር አትስጡት፣ ጥቅስ አትጥቀሱለት። አጠገቡ ተቀመጡና «ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» በሉት። ልባችሁን የሚከፍት እግዚአብሔር እስከዚያ ቤት ደጃፍ ድረስ ይምራችሁ፤ ስትደርሱም ያ ሰው ገና በሕይወት ያለ ይሁንላችሁ። አሜን።